እናቴ በእንዶድ ያጠበችው የባሕር ድንጋይ

በእኛ ቤት የነጣ ነገር ሁሉ የተባረከ ነበር፤ ከእኔ እጅ በቀር።

አባቴ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ደብር የአቋቋም መምህር ነበር። ጥምጣሙ ነጭ፣ ኩታው ነጭ፣ እጀ ጠባቡ ነጭ። ተማሪዎቹ ያደፈ ኩታ ለብሰው ማሕሌት ከቆሙ ዜማውም አብሮ የሚያድፍ ይመስለው ነበር። ያን ሁሉ ነጭ ነጭ አድርጋ የምታቆየው ደግሞ እናቴ ናት። እንዶዱን አድርቃ፣ በሙቀጫ ወቅጣ፣ በውሃ በጥብጣ ቀሃ ወንዝ ትወርድና ልብሱን በእግሯ ስትረግጠው አረፋው ቁርጭምጭሚቷን ይውጠዋል። ከሌላ ደብር ሳይቀር የበዓል ልብስ እየያዙ ይመጡላት ነበር። በዚህ እንደማትኮራ ለማስመሰል ብዙ ትደክማለች፤ አንድ ቀንም አልተሳካላትም።

ጣልያን ከወጣ ሃያ ዓመት ግድም ሆኖታል። ፒያሳ ላይ ትቶት በሄደው ሕንፃ የእኛ ሰው ሱቅ ከፍቶበታል፤ ጃንሆይ በዙፋናቸው ናቸው፤ እኔ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው፣ ስምንተኛ ክፍል ነኝ። በዚያ ዓመት ጥቅምት ላይ በቀኝ እጄ ጀርባ ምስር የምታህል ነጭ ነጥብ ወጣች። አታምም፣ አታሳክክ። ኅዳር ላይ ሽምብራ አከለች፤ ጥር ላይ ባቄላ። እናቴ እድገቷን በእህል ነበር የምትለካው። መጀመሪያ ያየቻት ቀን "ለምጽ" አለችና ተነሥታ በሩን ዘጋች።

አባቴ ተጠየቀ። ኦሪቱን ገልጦ ረዥም ጊዜ ካነበበ በኋላ ለምጽ ሌላ፣ ቁምጥና ሌላ እንደሆነ፣ የእኔ የቀለም መሄድ ብቻ እንደሆነ፣ ወደ ማንም እንደማይተላለፍ አስረዳን። እንዲያውም በኦሪቱ ሕግ ግማሽ ገላው የነጣ ሰው ርኩስ ይባላል፣ ከራስ ጠጉሩ እስከ እግር ጥፍሩ የነጣ ግን ንጹሕ ነው ብሎ ሳቀ። እንግዲህ የእኔ ጥፋት መንጣቴ ሳይሆን ሥራውን ሳልጨርስ መታየቴ ኖሯል። ይህን ሁሉ ደግ ትምህርት ያስተማረን ግን በሩ እንደተዘጋ ነው። ከበሩ ውጭ ትንፍሽ አላለም።

ነገሩ የከበደው ታጭቼ ስለነበር ነው። እጮኛዬ በከተማው ትምህርት ቤት መምህር ነበር። ሁለት ጊዜ አይቼዋለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ እጁ በጠመኔ ነጥቶ ነበር፤ የእሱን እጅ ግን ማንም ጠበል አልወሰደውም። ወድጄዋለሁ። በሽማግሌ አፍ "ከተጋባን በኋላ ትምህርቷን ትቀጥል፣ እሷም መምህር ትሁን" ብሎ ልኮ ነበር። ይህን የሚል ወንድ በዚያ ዘመን በሰፈራችን ሁለተኛ አልነበረም። እሱ ከቀረ ለሌላ እሰጣለሁ፤ ያ ሌላ ደግሞ ደብተሬን ለእሳት ማያያዣ ያደርገዋል። ሽማግሌዎቹ ከፋሲካ በኋላ የሠርጉን ቀን ሊቆርጡ ይመጣሉ። እጄን ካዩ ባሉም ትምህርቱም አብረው ይሄዳሉ።

ስለዚህ ዐቢይ ጾሙን ሙሉ በየጠዋቱ ጠበል ወረድሁ። ውሃው ጥርስ ያንገጫግጫል። ጉንፋን ያዘኝ፤ ነጩ ግን ከባቄላ አለፈና እናቴ የምትለካበት እህል አጣች። በመጨረሻ እጄን በጨርቅ ጠቅልላ "እንፋሎት አቃጥሎኝ ነው" የሚለውን ቃል አስጠናችኝ። ስትጠቀልልልኝ ጨርቁን በጣቷ ጫፍ ነበር የምትይዘው። ልጇ ነኝ፣ ትወደኛለች፣ ይህን አውቃለሁ፤ ግን በጣቷ ጫፍ ነበር። ያ ከጠበሉ ይልቅ ያሳምመኝ ነበር።

ወንድሜ ያን ጊዜ ምጽዋ ነው። ወደብ ላይ ሥራ ፍለጋ ወርዶ የባሕር ድንጋይ የሚያጠና አንድ ፈረንጅ ቀጠረው። ሥራው ከፈረንጁ ጋር ባሕር ውስጥ ገብቶ ድንጋይ ማየት ነበር። "ድንጋዮቹ ሕያዋን ናቸው፤ ይበላሉ፣ ይወልዳሉ፣ ይታመማሉ" ብሎ ጻፈልን። አባቴ ደብዳቤውን ለደብሩ ሊቃውንት አነበበላቸው። አንደኛው "የቆላው ሙቀት ጭንቅላቱን ነክቶታል፣ ቶሎ ሚስት ፈልጉለት" ብሎ ፈረደ። ወንድሜ ይህ ደርሶት ኖሮ እየጤሰ ለፋሲካ መጣ፤ ማስረጃውንም ይዞ።

ማስረጃው ክዳኑ በተቆረጠ የዘይት ጣኒካ ውስጥ ነበር። በሌላ ጣኒካ መለወጫ የባሕር ውሃ ይዟል። ከምጽዋ አሥመራ በባቡር፣ ከአሥመራ ጎንደር በጭነት ማኪና፣ ሊማሊሞን ሲወጣም በጉልበቱ መሃል ይዞት ነው የመጣው። አብረውት የተሳፈሩት ማር መስሏቸው እስከ ደባርቅ ድረስ ሲያቆላምጡት ቆዩ። ደባርቅ ላይ ጣኒካውን የሸፈነበትን ጆንያ ገልጦ ቢያሳያቸው ቦታ ለቀቁለት።

እኛም ቤት ሲገልጠው ቡናማ፣ ልሃጭ የለበሰ፣ ባለ ብዙ ቅርንጫፍ ድንጋይ ነው። ይሸታል። እናቴ አፍንጫዋን በነጠላዋ ይዛ "ከዚያ ሁሉ ባሕር ሌላ ሸጋ ነገር ጠፍቶ ነው?" አለችው።

"ሸጋው ይኸ ነው፣ እምዬ" አላት። ከዚያ አስተማረን። ድንጋዩን የሚሠሩት ጥቃቅን እንስሳት ናቸው፤ በእንስሳቱ ሥጋ ውስጥ ደግሞ ዓይን የማያያቸው አትክልት ይኖራሉ፤ ቡናማው ቀለምም፣ አብዛኛው ምግብም የሚመጣው ከነዚያ ነው።

"ደባል ናቸዋ" አለ አባቴ።

"ደባል ናቸው፣ አባባ።"

"ቤት የሚከራይ ሳይሆን ቀለብ የሚያበላ ደባል!" አባቴ በነገሩ ተደሰተ፤ ምጽዋ ያለ ድንጋይ ከጎንደር ቤት አከራዮች ይልቅ ዕድለኛ መሆኑን ተናገረ።

"በመንገዱ ታሟል፣ ግን አለ" አለ ወንድሜ። "አደራ እንዳትነኩት። የወንዝ ውሃ ጠብ እንዳይልበት።" ይህን ብሎ በማግስቱ አክስታችንን ሊጠይቅ ትክል ድንጋይ ወደምትባለው ከተማ ሄደ። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው አክስቱን ሳይስም ከተማ ለከተማ ቢዞር ነውር ነው።

እሱ በወጣ ዕለት ከእጮኛዬ ወገን መልእክት መጣ፤ ሽማግሌዎቹ ለዳግም ትንሣኤ እሑድ ይመጣሉ። እናቴ ቤቱን ገለበጠችው። ወለሉ ተለቀለቀ፣ ጋኑ ታጠነ፣ የመቀመጫው ልብስ ሁሉ ቀሃ ወረደ። በመጨረሻ የቀረ አንድ ቆሻሻ ብቻ ነበር። ጣኒካውን ከበላይ ሆና ብዙ አየችው።

"እንዳትነኩት ብሏል" አልኋት።

"ወንድ ልጅ ስለ እጥበት ምን ያውቃል? ልጄ ከባሕር ድረስ ተሸክሞ ያመጣውን በእድፉ ላስቀምጥለት?"

ድንጋዩን ቀሃ አወረድነው። ግማሽ ቀን በእንዶድ ዘፈዘፈችው። በቅርንጫፎቹ መሃል በመፋቂያ እየገባች፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ ፈተገችው፤ ለጥምጣም እንኳ እንዲያ ተጠንቅቃ አታውቅም። ቡናማው ነገር ከአረፋው ጋር እየለቀቀ በወንዙ ሲሄድ ጎኗ ቆሜ አየሁ። "አየሽ እድፉን!" አለችኝ በድል ድምፅ። ከዚያ ቋጥኝ ላይ ለፀሐይ ሰጠችው። ሲደርቅ ዓይን የሚወጋ ነጭ ሆነ። እውነቱን ልናገር፣ እጅግ አምሮ ነበር፤ እኔም አፌን ከፍቼ ቀረሁ።

ዛሬ ስሙ ኮራል እንደሆነ አውቃለሁ። ሬዲዮኑ ባሕሩ እየሞቀ በየአገሩ ኮራል እየነጣ ነው ሲል እሰማለሁ፤ የነጣውን ለማየት መርከብ ተሳፍሮ የሚሄድ አገር ጎብኚ እንዳለም ሰምቻለሁ። አይገርመኝም። እናቴ ከሁሉም ቀድማ ነበር። እኔ ደግሞ ነጩ ሁለቱንም ክንዴን ጨርሶ አንገቴ ላይ ደርሷል፤ በአባቴ ኦሪት ከሄድን ንጹሕ ልባል ጥቂት ነው የቀረኝ።

ድንጋዩ በአባቴ የመጽሐፍ ሣጥን ላይ ጥልፍ ጨርቅ ተነጥፎለት ተቀመጠ። አንዲት ጎረቤታችን በመጣበት ቀን ቡናማ ሆኖ አይታዋለች፤ በአራተኛው ቀን ነጭ ሆኖ አገኘችው። "የየኔታ ቤት ገብቶ ነጣ!" አለች። እናቴ "የእግዚአብሔር ሥራ" ብቻ ብላ መለሰች፤ ይህ ደግሞ ውሸት ሊባል አይችልም። እስከ ቅዳሜ ድረስ የሰፈሩ ሴት ሁሉ እየመጣ ተሳለመው። አባቴ ከማሕሌት ሲመለስ ወደ ሣጥኑ ጎንበስ ብሎ አሸተተ። ዕድሜውን ሙሉ በእንዶድ የታጠበ ልብስ የለበሰ ሰው ሽታውን አይስተውም። እናቴን አያት። ከዚያ መጽሐፉን አንሥቶ ተቀመጠ።

እሑድ ሦስቱ ሽማግሌዎች መጡ። የሚመሩአቸው የእጮኛዬ አጎት ነበሩ፤ እናቴ አያ የምትላቸው፣ ድምፃቸው ቤት የሚሞላ ትልቅ ሰው። ገና ሳይቀመጡ ድንጋዩን አዩት።

"ይኸ ምንድን ነው?"

"ከባሕር የመጣ ነው፣ አያ። እዚህ ሲደርስ እንዲህ ሆነ" አለች እናቴ፣ መሬት መሬት እያየች።

አጎትየው አማተቡ፤ ጎንበስ ብለው ሳሙት። "ምልክት ነው" አሉ ለጓደኞቻቸው። "የቤቱን ንጽሕና ሲነግረን ነው። ከዚህ ቤት ልጅ መውሰድ መታደል ነው።" አባቴ ጢሙን አሻሸ።

ጠላ የምቀዳው እኔ ነኝ። በግራ እጅ መቅዳት ነውር ስለሆነ የተጠቀለለው ቀኝ እጄ በየሽማግሌው ፊት ማለፍ ነበረበት። አጎትየው "ምነው እጅሽ?" አሉኝ። ያጠናሁትን መለስሁ። "እግዜር ይማርሽ፣ የኔ ልጅ" አሉኝ በአባት ድምፅ። ቀኑን ከጰራቅሊጦስ በፊት አደረጉት። ጨዋታው ደራ። አንደኛው ሽማግሌ ትምህርቴን በተመለከተ ልጁ በቃሉ እንደጸና ሲናገር ልቤ ከደስታ ብዛት ሊፈነዳ ደረሰ፤ በነጭ ድንጋይና በነጭ ውሸት መምህር ልሆን ነው።

ወንድሜ ከትክል ድንጋይ የደረሰው ያን ጊዜ ነው። አቧራውን እንደለበሰ ገብቶ የሽማግሌዎቹን ጉልበት ሳመ። ቀና ሲል ሣጥኑን አየ።

"ማን ገደለው?"

"ኧረ አታሟርት! ማን ሞተና? አያም ስመውታል" አለች እናቴ።

ወንድሜ ወደ ድንጋዩ ሄዶ በጣቱ ዳሰሰው፤ ጣቱን አሸተተ። እኔ በዓይኔ ለመንሁት፤ አላየኝም። አንድ ጊዜ ሥራውን ማስረዳት ከጀመረ ደግሞ እንደ አባቴ ነው፣ የሚያቆመው የለም። "ይኸ ድንጋይ የሚነጣው ሲታመም ነው" አለ። "አምና ምጽዋ ላይ ክረምቱ፣ እዚያ ክረምት የሐሩር ጊዜ ነው፣ ከሌላው ጊዜ በጣም ሞቀ። ጥልቀት የሌለው ባሕር ለብ አለና ድንጋዮቹ ደባሎቻቸውን አባረሩ። በጥቂት ሳምንት ወገኑ ሁሉ ነጣ። ሰው በጀልባ እየሄደ አደነቀ፤ ባሕሩ ነጠላ ለበሰ እያለ ዘፈነ። ፈረንጁ ጀልባው ላይ ቁጭ አለና ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋው። ሌላም በሽታ አለባቸው፤ ከሥሩ ነጭ መስመር ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል፤ መስመሩ ያለፈበት አጥንት ሆኖ ይቀራል። ይኸም አጥንት ነው። የሳማችሁት አጥንት ነው።"

አጎትየው በጋቢያቸው ጫፍ ከንፈራቸውን ጠረጉ። "የነጣ ሁሉ ሙት ነው ማለት ነው?" አሉ።

"የለም፣ አያ። ውሃው ቶሎ ከቀዘቀዘለት ቀለሙ የሚመለስለት አለ። ነጥቶም ገና በሕይወት ያለ አለ። ከሩቅ አይለይም፤ ቀርቦ ማየት ነው።"

ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ለምን እንዳደረግሁት ዛሬም አጥርቼ አላውቅም። የማውቀው መናደዴን ነው። ለአጥንቱ ጥልፍ ጨርቅ ተነጥፎለታል፤ ለእኔ እጅ የአሮጌ ቀሚስ ቅዳጅ ተጠቅልሎበታል። ማንቆርቆሪያውን አስቀምጬ ጨርቁን ፈታሁት።

"እንግዲያው ይህንም ቀርበው ይዩልኝ፣ አያ" አልሁ እጄን ዘርግቼ። "እንፋሎት አይደለም። ግን አያምም፣ ወደ ሰውም አይተላለፍም። አባባ በኦሪቱ አይቶ ነግሮናል።"

ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። ስድስት ወር ሙሉ በዝግ በር ያስተማረንን በአንድ ቃል ሊመሰክር ይችል ነበር። አባቴ የጠላ ዋንጫውን ውስጡን ተመለከተ።

"መጽሐፉ ሰፊ ነው" አለ።

ይህችን ቃል ይቅር ለማለት ብዙ ዓመት ፈጅቶብኛል።

አጎትየው ጀርባቸው ግድግዳ እስኪነካ ሸሹ። "እግዜር ይማርሽ" አሉኝ እንደገና፤ ይኸኛው ግን የአባት ድምፅ አልነበረም። ተነሡ፣ ቤቱን መረቁ፣ ወጡ። ደጃፍ ደርሰው ግን አጎትየው ተመለሱ። እኔን ሳያዩ እናቴን "ያም ሆነ ይህ ከባሕር የመጣ ነገር ነው፣ ለበረከት ቁራጭ ብትሰጪን" አሏት። እናቴ አንዱን ቅርንጫፍ ቀነጠሰችላቸው፤ በመሐረብ ጠቅልለው በደረታቸው ከተቱት። ሙት መሆኑን ሰምተው ወሰዱት፤ እኔን በሕይወት መኖሬን አይተው ተዉኝ።

በሦስተኛው ቀን እጮኛዬ ወደ ሌላ አገር ስለተዛወረ ሠርጉ ዘንድሮ አይሆንም የሚል መልእክት ደረሰን። ተዛወረ የተባለው ሰው ለዓመታት ፒያሳ ላይ ሲያልፍ አየው ነበር፤ ባየኝ ቁጥር መንገድ ይሻገራል። አባቴ ደግሞ "እጇ ሳይድን ትምህርት ቤት መመላለሷ ለሰው ወሬ ነው" አለ። ደብተሬን መስቀያው ላይ ሰቀልሁት። ወንድሜ እያንዳንዳችንን ይቅርታ ጠይቆ ባዶውን ጣኒካ ትቶልን ወደ ምጽዋ ተመለሰ። "ቀርቦ ማየት ነው" ያለው እሱ ነበር፤ ሲናገር ግን እኔን ቀርቦ አላየኝም።

እናቴ ለሳምንት ያህል ልብስ እንኳ አላጠበችም። አንድ የገበያ ቀን ጠዋት ከጓሮ ድምፅ ሰማሁና ብሄድ ጣኒካውን በውሃ ሞልታ አሞሌ ጨው እየፈረፈረች ስትጨምርበት አገኘኋት። በጣቷ ትቀምሳለች፣ ጨው ትጨምራለች፣ እንደገና ትቀምሳለች። ድንጋዩ ውስጡ ተቀምጧል፤ አንድ ቅርንጫፉ ጎድሏል።

"ምን እየሠራሽ ነው፣ እምዬ?"

"ውሃው ከተስተካከለለት ቀለሙ ይመለሳል ብሎ የለ ወንድምሽ? ባሕሩ ጨው ነው ይላሉ።"

"እሱ ሞቷል፣ እምዬ።"

"ስንት ቀን ይሆናል እንዲህ ካደረግሁት። ትናንት እዚህ ጋ ትንሽ ጠቆር ያለ መስሎኝ ነበር።" ጎንበስ ብላ አየችው። "እኔ ነኝ የገደልሁት።"

ማባበል አልችልበትም። "አዎ" አልኋት።

በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። "አንችንም" አለች ከነጠላው ውስጥ።

ያን ጊዜ ቁጣዬ ሁሉ ከዳኝ። አጠገቧ ቁጭ አልሁ። "እኔ እኮ አልሞትሁም" አልኋት። "ነጣሁ እንጂ አልሞትሁም።"

ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ሁልጊዜ ሥራ ስታዝ በምትናገርበት ድምፅ "እንግዲያ ምነው ተቀመጥሽ? ውሰጅና ቀሃ ድፊው። ደብተርሽንም ያዥ፤ በዚያው ወደ ትምህርት ቤትሽ እለፊ" አለችኝ።

"አባባስ?"

"መጽሐፉ ሰፊ ነው።"

ደብተሬን ብብቴ ሥር አድርጌ ጣኒካውን በግራ እጄ አነሣሁት። ከደጅ መንገዱ በገበያተኛ ሞልቷል። ቀኝ እጄ ያለ ጨርቅ ነበር፤ እናቴ አየችው። አፏን ስትከፍት ጨርቁን አምጪ ልትለኝ ነው ብዬ ቆምሁ።

"በሁለት እጅሽ ያዥው" አለችኝ። "ይከብዳል።"